ይዛው ትቆይ

ፀጋዬ ቁጭ ማለት ከተወ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ምሳውን ቆሞ ይበላል። ስልክ ሲያወራ ክፍሉን ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለስበታል። ቅዳሴ ሳያልቅ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ሞተር አስነስቶ ሚስቱን ይጠብቃል። ሚስቱ ትዕግስት መጀመሪያ ሰሞን «እስቲ አረፍ በል» ትለው ነበር፤ በኋላ ግን ዝም አለች። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር የሚኖሩበት አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ቆሞ ሊፍት መጠበቅ ስለማይሆንለት ሁልጊዜ ደረጃውን ይሮጥበታል።

ሥራው ይህን ጠባዩን ደብቆለታል። ፀጋዬ የኤሌክትሪክ አጥር ይዘረጋል። ናይሮቢ ውስጥ ግንብ ያለው ሁሉ ግንቡ አናት ላይ ሽቦ ማየት ይፈልጋል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ደግሞ ቅርንጫፍ እየወደቀ ሽቦውን ይበጥሰዋል። ስለዚህ ጠዋት ሩንዳ፣ ቀትር ላይ ዌስትላንድስ፣ ከሰዓት ደግሞ ሌላ ሰፈር ሲሮጥ ይውላል። ደንበኞቹ በስዋሂሊ «ፉንዲ»፣ ባለሙያ፣ ይሉታል። ፈጣን ፉንዲ ነው እያሉ ስልክ ቁጥሩን ለጎረቤታቸው ይሰጣሉ። ለምን እንደሚፈጥን የጠየቀው ሰው የለም።

ዋናው ዝናብ ሊገባ ሲል ኤልናታን የሚባል ሰው ደወለለት። ናይሮቢ ያደገ፣ ዌስትላንድስ ቢሮ ያለው ሐበሻ ነው።

«ጋሽ ፀጋዬ፣ የማዘር ቤት ሩንዳ ነው፣ ከካሩራ ደን ጋር ይዋሰናል» አለው። «ጦጣዎቹ በቃ ግቢውን ወርሰውታል። ባለፈው ሳምንት አንዱ ዳቦ ከእጇ ሲነጥቃት ወደቀች። ስትሮክ ነበረባት፣ ድጋሚ ብትወድቅስ? ፕሊስ፣ እስከ ፍራይዴይ ጨርስልኝ።»

ቤቱ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። ከጓሮው ግንብ ጀርባ ደኑ ይጀምራል። የኤልናታን እናት እትዬ እህተማርያም ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጊጊሪ ባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ሠላሳ ዓመት በአስተርጓሚነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ፀጋዬ ሲገባ በረንዳው ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠው አገኛቸው። ከስትሮኩ በኋላ ንግግራቸው ዝግ ብሏል፤ ቃል ሲጠፋባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈልጉታል።

«አጥሩን... የምትሠራው አንተ ነህ?»

«አዎ እትዬ። ሁለት ቀን ብቻ ነው የምረብሽዎት።»

«እኔ አጥር አልፈለግኩም።»

«ልጅዎ ነው ያዘዘኝ።»

«አውቃለሁ።» አጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «መጀመሪያ ተቀመጥ። ግማሽ ሰዓት። ማን እንደሚመጣ... እይ። ከዚያ ትሠራለህ።»

ፀጋዬ ሰዓቱን አየ። «ቀጠሮ አለብኝ» አለና መሰላሉን ከመኪናው ሊያወርድ ሄደ።

ጓሮው ጥግ ላይ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ። ቅርንጫፉ ግንቡን ተሻግሮ ከደኑ ዛፎች ጋር ይነካካል። እትዬ እህተማርያም በከዘራቸው ወደዚያ ጠቆሙ።

«መንገዳቸው ያ ነው። ያችን ጥግ ክፍት ተዋት።»

«እትዬ፣ ክፍት ካለው አጥር አይባልም» አለ ፀጋዬ። በትሕትና ነው ያለው፤ ግን ፊቱን ወደ እሳቸው አላዞረም። ቅርንጫፉን ቆረጠው። በሁለት ቀን ውስጥ ግንቡ አናት ላይ ስድስት ረድፍ ሽቦ ዘረጋ፣ ኤሌክትሪክ የሚልክለትን ማሽን ጋራዥ ውስጥ ሰቅሎ አበራው። ሽቦው በየሰከንዱ ቲክ፣ ቲክ ማለት ጀመረ። ማሽኑ እንዴት እንደሚጠፋ ለግቢው ዘበኛ አሳየውና ወጣ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስልኩ ጮኸ። እትዬ እህተማርያም ነበሩ። ቃል አልመጣ ብሏቸው ለረጅም ጊዜ ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማው ነበር።

«ና» አሉ በመጨረሻ። «ሽቦው... ልጅ ያዘ።»

ፀጋዬ የሰው ልጅ መሰለው። ከኪሊማኒ ሩንዳ ድረስ እንዴት እንደነዳ ዛሬም አያስታውሰውም። አንድ ማታቱ ታክሲ መስታወቱን ገጭቶት ሾፌሩ ከኋላው ሲሳደብ እንደነበር ብቻ ያውቃል። የግቢውን በር ሳይዘጋ ወደ ጓሮ ሮጠ።

ልጁ የጦጣ ልጅ ነበር።

አንገታቸው ሥር ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ጀርባቸው ግራጫ የሆነ ሠላሳ የሚሆኑ ጦጣዎች ዛፉን ሞልተው ይጮሃሉ። አንዲት ሴት ጦጣ እሱ ራሱ በቆረጠው ቅርንጫፍ ጉማጅ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ክንድ የማይሞላ ልጅ ደረቷ ላይ ይዛለች። የልጁ ጭንቅላት ወደ ኋላ ተንጠልጥሏል። ዘበኛው በስዋሂሊ እየተንተባተበ ነገረው፦ ትንሹ ጥጉ ላይ ለማለፍ ሲል ጭንቅላቱን በሁለት ሽቦ መሀል አስገባ፤ ለማውጣት በሞከረ ቁጥር ሽቦው መታው። እናቱ እግሩን ይዛ ስትጎትተው እሷንም መታት፣ ወደቀች፣ ተመልሳ ወጣች፣ ደግሞ መታት። ዘበኛው ሮጦ ጋራዥ እስኪገባና ማሽኑን እስኪያጠፋ ልጁ ሞተ።

ፀጋዬን መጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነው፤ የሰው ልጅ አይደለም። ወዲያው ደግሞ በእፎይታው አፈረ። እንዳፈረ ሲያውቅ አንድ ነገር ማድረግ አማረው። ከመኪናው ወፍራም ጓንትና ባዶ ጆንያ አመጣ። ከወጥ ቤት ሙዝ ወስዶ በአንድ እጁ እያሳየ ወደ እናትየዋ ተጠጋ። ጥርሷን አወጣችበት። ዛፉ ሁሉ ጮኸ፣ አንድ ትልቅ ወንድ ጦጣ ከላይ ወርዶ በሱና በእናትየዋ መሀል ቆመ።

«ተው» አሉ እትዬ እህተማርያም ከበረንዳው።

«እትዬ፣ ሙቀት ነው፣ ነገ ይሸታል። ወስጄ ልቅበረውና ትረሳዋለች።»

«ይዛው ትቆይ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትጨርስ።»

ፀጋዬ ጆንያውን አጣጥፎ ቆመ። «ማሽኑ እንደጠፋ ይሁን» ብሎ ለዘበኛው ነገረና ወጣ።

ከሰዓት ዌስትላንድስ አንድ ሕንፃ ጀርባ መሰላል ላይ ወጥቶ ሲሠራ ፒንሳው ወደቀበት። ወርዶ አነሳው፣ ወጣ፣ ደግሞ ወደቀበት። በሦስተኛው ጊዜ መሰላሉን አጣጥፎ ለሰዎቹ ነገ እመጣለሁ አላቸው። በማግስቱ ግን የሄደው ሩንዳ ነው። ማንም አልጠራውም።

እትዬ እህተማርያም ወንበሩ ላይ ጠጋ አሉለት።

ጦጣዎቹ ዛፉ ላይ ነበሩ። ፀጋዬ ከተቀመጠ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ትልቁ ወንድ ጦጣ «ፒያው፣ ፒያው» ብሎ ጮኸና መንጋው ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ ሸሸ።

«አንተን ነው የሚሉት» አሉ።

«ምንም አላደረግኩም እኮ። ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።»

«አፍህ ዝም ብሏል። እግርህን እይ።»

ፀጋዬ እግሩን አየ። ቀኝ ጉልበቱ እንደ ስፌት መኪና ይርገበገብ ነበር። በእጁ ያዘው። ሲለቀው ተመልሶ ጀመረ።

«ሰውነትህ ልሂድ፣ ልሂድ ይላል» አሉ። «እነሱ ይሰሙታል። የሚሄድ ነገር ካለ... የሚያሳድድ ነገር አለ ብለው ነው የሚሸሹት።»

እንዲህ ነው ትምህርቱ የተጀመረው። ፀጋዬ በየጠዋቱ ይመጣል፤ ቀጠሮዎቹን አንድ በአንድ ሰረዛቸው። አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ይቆይና ብድግ ብሎ ግቢውን ይዞራል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። እትዬ እህተማርያም አይቆጡትም። የነገሩት ጥቂት ነገር ነው፤ እሱንም እየቆራረጡ ነው የነገሩት። ለጦጣ ዓይን ዓይኑን ማየት ጠብ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ሣር እይ። ትከሻህን ስጠው እንጂ ደረትህን አትስጠው። ትንፋሽህን ስታወጣ ቀስ ብለህ አውጣው። ምንም አትፈልግባቸው።

«ይህን ከየት ተማሩት?» ብሎ ጠየቃቸው በሁለተኛው ቀን።

ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ ነገሩት። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ሲነቁ አፋቸው ውስጥ ቃል አልነበረም። አማርኛው የለም፣ እንግሊዝኛው የለም፣ ፈረንሳይኛው የለም። ሠላሳ ዓመት የሰው ቃል ከጆሮ ወደ አፍ ሲያመላልሱ ኖረው ውኃ ስጡኝ ማለት አቃታቸው። ሰባት ወር እንዲያ ሆነው ይህ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰው ሲመጣ ያዝንላቸዋል፣ ጮክ ብሎ ያወራቸዋል፣ ይሄዳል።

«እነሱ ግን ቃል አልጠበቁም» አሉ በከዘራቸው ወደ ዛፉ እያሳዩ። «አቀማመጤን ነው የሚያዩት። በተናደድኩ ቀን አይቀርቡም። የከፋኝ ቀን ይቀርባሉ። እንደከፋኝ እኔ ሳላውቅ እነሱ ያውቁ ነበር። እኔም... ቀስ በቀስ እነሱን ማወቅ ጀመርኩ። ሐሳብ ይመጣል። የመራብ፣ የመፍራት። ሲመጣልህ አትግፋው። የኔ ነው ወይስ የሷ ብለህ ጠይቅ።»

ፀጋዬ ይህ የሕመም ወሬ ነው ብሎ አሰበ። ግን አልሄደም።

እናትየዋ ልጇን አልጣለችም። ስትወጣ በአንድ እጇ አቅፋው በሦስት እግሯ ትወጣለች፤ ቅርንጫፍ ለመዝለል ስታስብ ታመነታና ትተወዋለች። መንጋው ቀን ቀን ወደ ደኑ ውስጥ ወንዝ ሲወርድ እሷ ወደ ኋላ ትቀራለች። ትንሹ ገላ መድረቅ ጀምሯል። እሷ ግን ዝንቦቹን እሽ እያለች ፀጉሩን ትፈትሻለች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ታያለች።

ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነበር። ዝናቡ ቀርቶ ፀሐይ በርትቷል። ፀጋዬ ሣሩን እያየ ትንፋሹን ቀስ ብሎ ሲያወጣ ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣበቀ። ጉሮሮው እንደ አሸዋ ሆነ። የውኃ ጠርሙሱን ሊያነሳ ሲል አሁን ገና ግማሹን እንደጠጣ ትዝ አለው። የኔ ነው ወይስ የሷ?

ቀስ ብሎ ተነሳ። ከወጥ ቤት ጎድጓዳ ሳህን ውኃ ሞልቶ አመጣና ከዛፉ ሥር አስቀምጦ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ እናትየዋ ልጇን እንዳቀፈች ወረደች። ግራ ቀኝ አየች። ጎንበስ ብላ ጠጣች፣ ለረጅም ጊዜ ጠጣች፤ አፏ ሥር ያለው ነጭ ፀጉር እስኪንጠባጠብ።

ፀጋዬ ወደ እሳቸው ዘወር አለ። «እሷ ነች የነገረችኝ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔ እንጃ» አሉ። «ጠጣች አይደል?»

በማግስቱ እናትየዋ ሦስት እርምጃ ያህል ርቃ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ከዚህ በፊት እንዲህ ቀርባው አታውቅም። ልጁን ጭኗ ላይ አጋድማ የተዘጉ ዓይኖቹን በጣቷ ነካ ነካ ታደርጋለች፤ ፊቱን ታዞርና ታየዋለች፣ ጆሮውን ታየዋለች። ፀጋዬ አንገቱን ደፍቶ ተነፈሰ። ደረቱ ላይ አንድ ከባድ ነገር ተቀመጠ። ክንዶቹ ዝለው ከበዱት፣ አንድ ነገር የያዙ ይመስል። እንደተማረው የሷ ነው ወይስ የኔ ብሎ ጠየቀ።

የሱ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ትዕግስት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ድንገት ደም ፈሰሳት። ኦፕራሲዮን ሆነች። ልጅቷ ሞታ ተወለደች። ትዕግስት በማደንዘዣ እንደተኛች ነርሷ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣችና ለፀጋዬ ሰጠችው። «እናቷ ስትነቃ ትያት?» ብላ ጠየቀችው። አይሆንም አላት። ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ትዕግስት በደንብ ሳትነቃ ልጅቷ ተቀበረች። ስትጠይቀው ሐኪሙ ከልክሎ ነው አላት። ያደረገው እንዳይከፋት ብሎ ነው፤ እንዲያ ብሎ ያምን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ልጅቷ ቤታቸው ውስጥ አልተነሳም፤ ፀጋዬም አልተቀመጠም።

«እትዬ» አለ። «እኔ ቤት...»

እትዬ እህተማርያም እጃቸውን ክንዱ ላይ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለኔ አትንገረኝ» አሉት። «የሚገባት ሌላ ናት።»

ያን ቀን ከሰዓት ፀጋዬ መሰላሉን አውጥቶ የዘረጋውን ሽቦ ከጥጉ ጀምሮ መፍታት ያዘ። ግማሽ ያህሉን ጠቅልሎ ሳለ ኤልናታን ከቢሮ መጣ። ዘበኛው ደውሎለት ነው። ክራቫቱን ሳይፈታ ጓሮ ገባ።

«ጋሽ ፀጋዬ፣ ይሄ ምንድነው? እኔ አጥር ነው ያዘዝኩት።»

«አውቃለሁ። ስህተት ነው የሠራሁት። እናትህ ነግረውኝ ነበር፣ አልሰማሁም።»

«ማዘር ስለ ጦጣዎቹ የምትለውን ሁሉ ልንሰማ ነው እንዴ? ባለፈው ስትወድቅ እኮ ጭንቅላቷን ለጥቂት ነው የተረፈችው። እኔ ቢሮ ነኝ። ስልክ በተደወለ ቁጥር ሞታለች ብዬ ነው የማነሳው።» የመጨረሻውን ሲናገር ወደ በረንዳው አላየም። ክራቫቱን ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሁለት ጊዜ አሰረው።

ፀጋዬ ከመሰላሉ ወረደ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይከራከር ነበር። አሁን ግን የኤልናታንን ትከሻ አየ፣ ክራቫቱ ላይ የሚሯሯጡትን ጣቶቹን አየ፤ ሰውየው እንዳልተቆጣ፣ እንደፈራ ገባው።

«አራት ቀን አይቻቸዋለሁ» አለው በዝግታ። «ወደ ቤቱ የሚመጡት ዳቦ ሲሸታቸው ነው። ግቢው ግን መንገዳቸው ነው፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሾላ ጋ ለመሄድ የሚያቋርጡበት። መንገድ ሲዘጋ አማራጭ ያጡና ቤት ይገባሉ። የወጥ ቤቱን መስኮትና የበረንዳውን አንድ ጎን በወንፊት ሽቦ ልሸፍነው፣ ቆሻሻ መጣያውን የሚቆለፍ ላድርገው። በዛፉና በደኑ መሀል ደግሞ ገመድ ልዘርጋላቸው፤ በላይ ያልፋሉ፣ እናትህ አጠገብ መውረድ አያስፈልጋቸውም። አንድ ወር ስጠኝ። ካልሠራ ራሴ እመልሰዋለሁ።»

ኤልናታን እናቱ ጋ ሄደ። ጎናቸው ቆሞ ለረጅም ጊዜ ዛፉን አየ። ልጇን ያቀፈችው ጦጣ ያኔ ጉማጁ ላይ ነበረች።

«ዩ ሚን... ይሄን ሁሉ ቀን ይዛው ነው?» አለ።

«አምስት ቀን» አሉት።

«አንድ ወር» አለ ኤልናታን ለፀጋዬ፣ ወደ መኪናው ሲመለስ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ፀጋዬ በደረጃው ወደ ቤቱ ወጣ። ትዕግስት ሳሎን ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች። ፋርማሲ ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋዋኖቿን ቅዳሜ ቅዳሜ ነው የምታዘጋጀው። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ቀና ብላ አየችው።

«አመመህ?»

«አላመመኝም። አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።»

ከጦጣዋ ጀመረ። የሱ ሽቦ እንደገደለው ነገራት፤ እናትየዋ እስካሁን ይዛው እንዳለች ነገራት። ትዕግስት መተኮሷን ሳታቋርጥ ሰማችው። ከዚያ ሊያልፈው የነበረው ቦታ ደረሰ፤ እግሩ መርገብገብ ጀመረ፣ ግን አልተነሳም።

«ያን ቀን ነርሷ እናቷ ትያት ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። አይሆንም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ካውያው ቆመ። «ሐኪሙ ነው ያልከኝ።»

«እኔ ነኝ።»

ትዕግስት ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችው። ቀጥላ የጠየቀችውን እሱ አልጠበቀውም።

«ፀጉር ነበራት?»

መዋሸት ይችል ነበር። «አላየኋትም» አለ። «ጨርቁን አልገለጥኩትም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «እኔ ባላያትም እሱ አይቷታል እያልኩ ነው የኖርኩት። ቢያንስ አንዳችን አይተናታል ብዬ።»

ትንሽ ቦርሳ አዘጋጅታ ጓደኛዋ ሚዛን ቤት ሄደች። በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው።

ዘጠኝ ቀን አልተመለሰችም። ፀጋዬ አንዴ ደወለላት፣ አላነሳችም። የሚዛን ቤት ድረስ ነድቶ ግቢው በር ላይ ደርሶ ተመለሰ። ምን ላድርግ ብሎ እትዬ እህተማርያምን ሲጠይቃቸው «አታሳድዳት። አትሽሻት። ያለህበትን ትወቅ» አሉት። አንድ መልእክት ጻፈላት፦ ቤት ነኝ፣ ወይም ሩንዳ ነኝ። ሌላ ምንም አልጨመረበትም። ቀን ቀን ወንፊቱን ሲሠራ፣ ወፍራም ገመድ ከአቮካዶው ወደ ደኑ ሲዘረጋ ዋለ። ገመዱን ከየትኛው ቅርንጫፍ እንደሚያስር ለመወሰን አንድ ጠዋት ሙሉ ተቀምጦ አያቸው። ትልቁ ወንድ ጦጣ አሁን ሲያየው አይጮህም።

ትዕግስት በሄደች በሰባተኛው ቀን እናትየዋ ጦጣ ብቻዋን መጣች። እጆቿ ባዶ ናቸው። የት እንደተወችው ማንም አላየም፤ ዘበኛው ግንቡን ተከትሎ ቢፈልግም አላገኘም። አንድ አቮካዶ ቀጥፋ ትንሽ በላችና ጣለችው። ወደ ደኑ ዞራ ቆየች፣ ተመልሳ መጣች፣ ደግሞ ሄደች። ፀጋዬ ጨርሳለች ብሎ ለእትዬ እህተማርያም ሊነግራቸው ሲል ተወው። መያዟን እንጂ ሌላውን እንዳልጨረሰች ከአካሄዷ ታየው።

ትዕግስት የደወለችው ሰኞ ጠዋት ነው።

«መቃብሩን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ውሰደኝ።»

የሚያውቀው መስሎት ነበር። መቃብር ቦታው ሲደርሱ የሕፃናቱ ረድፍ በዝናቡ ሣር ውጦት፣ የብረት ቁጥሮቹ ዝገው አንዱን ካንዱ መለየት አቃተው። በቀብሯ ቀን ቆሞ አላየውም፤ አፈሩ ሳይደፈን ነው ወደ መኪናው የተመለሰው። ጠባቂው መዝገቡን አገላብጦ ከፊታቸው እየሄደ ሣሩን በዱላ ገለጥ ገለጥ አደረገና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። በስዋሂሊ «ፖሌ»፣ አይዟችሁ፣ ብሏቸው ሄደ።

ክንድ የማይሞላ የአፈር ጉብታ ነው። ትዕግስት እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠች። ፀጋዬ ቆመ። እግሮቹ ወደ መኪናው ሊወስዱት ፈለጉ፤ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ጨበጠው። ከዚያ ትከሻውን ወደ እሷ ሰጥቶ ጎኗ ተቀመጠ። ፊቷን አላየም፣ ጉልበቷ አጠገብ ያለውን ሣር አየ። ምንም አልፈለገባትም። ብዙ ቆዩ።

«ማን ተሸከማት?» አለች።

«እኔ። ከሆስፒታሉ እስከዚህ። ጎረቤታችን ጋሽ ገብረመድህን ነበሩ የሚነዱት፣ እኔ ከኋላ ነበርኩ።»

«ሳጥን አልነበረም?»

«ነበር። ፊት ወንበር ላይ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ላስገባት አልቻልኩም። ጭኔ ላይ ነበረች።»

ወደ እሱ ዞረች። «ይህን አልነገርከኝም።»

«ረስቼው ነበር» አለ። ውሸት አልነበረም፤ ገና አሁን ሲናገረው ነው የመጣለት። የመኪናው መስኮት ትንሽ ክፍት ነበር፤ ንፋሱ ጨርቁን እንዳይገልጠው በመዳፉ ሸፍኖት ነበር። ይህንንም ነገራት።

«ትከብድ ነበር?»

ፀጋዬ ግራ ክንዱን ዘርግቶ በቀኝ እጁ ከክርኑ እስከ አንጓው ለካ። «ይህን ያህል ነበረች» አለ። «ጭንቅላቷ እዚህ ነበር። አዎ፣ ትከብድ ነበር።»

ትዕግስት እጇን ክርኑ ውስጥ፣ ያሳያት ቦታ ላይ አስቀመጠችና ተወችው። ካፊያ ጀመረ። መንገዱ ላይ መኪኖቹ መብራት አበሩ። የሱ ጉልበት አሁንም ይርገበገባል፤ እሷም አላስቆመችውም። ንፋሱ ከየት በኩል ነበር ብላ ጠየቀችው። ጨርቁ ምን ዓይነት ነበር አለችው። ሰው አልቅሶ ነበር ወይ አለችው። የሚያውቀውን ነገራት፤ የማያውቀውን አላውቅም አለ።